ግራ እጅ፣ በክርን ድጋፍ

ጠዋት ክፍል ስገባ መጀመሪያ የሚናገረው እኔ አይደለሁም። ገና በሩ ላይ ሳለሁ ጆሮዬ ውስጥ የተቀመጠው አጋር የሚሉት ማሽን «ፈገግ ይበሉ» ይለኛል። ፈገግ እላለሁ። «ትከሻዎን ያላሉ» ይለኛል፤ አላላለሁ። ተማሪዎቼ ለምደውታል፤ ፈገግታዬ እስኪመጣ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሲመጣ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ የትኛው ረድፍ አጠገብ እንደምቆም፣ የማንን ስም እንደምጠራ፣ ድምፄን የት ላይ ከፍ፣ የት ላይ ዝቅ እንደማደርግ አጋር በሰሌዳው ካሜራ ክፍሉን እያየ ይነግረኛል። ደወሉ ሲደወል «በጣም ጥሩ ነበር፤ ውሃ ይጠጡ» ይለኛል። ውሃ እጠጣለሁ።

ትርሲት እባላለሁ። ዘመኑ 2071 ዓ.ም. ነው፤ ቡታጅራ ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አስተምራለሁ የምለው ከልማድ ነው፤ በመንግሥት ወረቀት ላይ የሥራ መጠሪያችን ከተቀየረ ቆይቷል። «አድራሽ» ይሉናል። ትምህርቱን ከላይ ተቀብለን ወደ ታች የምናደርስ ማለታቸው ነው። በዚህ ቃል የተናደድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ መሰለኝ፤ ባልደረቦቼ ደመወዛችን እስካልተነካ ድረስ የፈለጉትን ይበሉን አሉ።

እናቴም መምህርት ነበረች። በእሷ ጊዜም ተሙማ ነበር፤ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማለት ነው። መምህራኑ ዓመቱን ሙሉ እቅድና ሪፖርት እየጻፉ ማህደር ይሞላሉ፣ ሰኔ ሲደርስ አንዱ የሌላውን ይገለብጣል፣ ሱፐርቫይዘሩ ይፈርማል፣ በቃ። እናቴ ይህን ስታወራልኝ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ዛሬም ስሙ ተሙማ ነው። ልዩነቱ ማህደሩ ጆሮ ውስጥ መግባቱና የሚስቅበት ሰው መጥፋቱ ነው።

ጥያቄ ጠይቄ ዝም ካልኩ አጋር መቁጠር ይጀምራል። ልጅ ሲያስብ አይታችሁ እንደሆነ፣ ዓይኑ ወደ ኮርኒሱ ይሄዳል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ከዴስኩ ሥር ጣቶቹን ያጣጥፋል። ለእኔ በትምህርት ቤት ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ነገር የለም። በአጋር ቋንቋ ግን ያ «ባዶ ጊዜ» ነው። «ባዶ ጊዜ፤ ይቀጥሉ» ይለኛል። ልጁ መልሱ ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው እኔው መልሱን ተናግሬ አልፋለሁ። ዓይኑ ከኮርኒሱ ተመልሶ ሲወርድ አያለሁ። ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ግምገማ አለ። መምህራን ክፍል ተሰብስበን የየራሳችንን የሳምንት ድምፅ እንሰማለን፤ መጀመሪያ ጠንካራ ጎን፣ ቀጥሎ ደካማ ጎን፣ ከዚያ እርስ በርስ ሂስ እንሰነዝራለን። ሂስ ያልሰነዘረ ሰው በዚያው ምክንያት ሂስ ይሰነዘርበታል።

ከጥፋቶች ሁሉ ትልቁ ተማሪ «አልገባኝም» ማለቱ ነው። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ይህ ቃል የተሰማበት አድራሽ እንደገና ወደሚሠለጥንበት ማደሻ ይወሰዳል፣ ክፍሉን ደግሞ ራሱ ተናግሮ ማስተማር የሚችለው ሰሌዳ ይረከባል። ምክንያቱን ሲያስረዱን እንዲህ አሉ፦ የተማረ ልጅ ይገባዋል፤ ካልገባው አልተማረም፤ ካልተማረ ጉድለቱ የአድራሹ ነው። ስትሰሙት ልክ ይመስላል። እኔም ለብዙ ጊዜ የቱ ላይ እንደተጣመመ መናገር አቅቶኝ ነበር።

ነስሩ የሚባል የሳይንስ መምህር ነበረን። አሁንም አለ፤ ነበረን ያልኩት ወድጄ አይደለም። ነስሩ ማለት ግምገማ ላይ ሳይቀር ሰው የሚያስቅ፣ እኔን «የኤክስ ሚስት» እያለ የሚያበሽቀኝ፣ በደወልና በደወል መሀል ፓስቲ ገዝቶ ለሁሉም የሚያካፍል ሰው ነበር። አንድ ሳምንት የፎቶሲንተሲስ ትምህርት ላይ ሦስት ልጆች አልገባንም አሉበትና ወሰዱት። ሲመለስ ጤነኛ ነው፣ ወፍሯልም። ምሳ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እንዴት እንደዋልኩ ጠየቀኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ራሱን ዘንበል አድርጎ ፈገግ አለና «በጣም ጥሩ! ሌላስ ማን ይጨምርልናል?» አለ። ጠረጴዛው ላይ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።

ልጆቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ነስሩ ሲሄድም ሲመለስም አይተውታል። ስለዚህ እኔ ወይም ሌላ መምህር «ገባችሁ?» ስንል፣ ክፍሉ ባንድ ድምፅ «ገባን!» ይላል። አገራችን እንደሆነች ድሮም «ገባን» በኅብረት የሚባልባት አገር ናት፤ እናቴም ተማሪ ሳለች ብላዋለች፣ እኔም ብዬዋለሁ። ለአስተማሪ ይሉኝታ መያዝ ማለት ነው፣ ሰላምታ እንደመመለስ ያለ ነገር ነው። ይህን የማያውቅ ማሽን ገዝተው አመጡና «ገባን» በተባለ ቁጥር «ገብቷቸዋል» ብሎ እንዲመዘግብ አደረጉት። ይህን ማሽን ያጸደቁት ባለሥልጣናት እነሱም አንድ ቀን ተማሪ ነበሩ። እነሱም ሳይገባቸው ገባን ብለዋል።

በሦስተኛው ረድፍ መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ ሪሐና የምትባል ተማሪ አለችኝ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ «ገባን» የምትለው እሷ ናት። ፈተና ላይ ግን ባዶ ወረቀት ነው የምትሰጠኝ። ኔጌቲቭ ቁጥር ከኔጌቲቭ ቁጥር ሲቀነስ እንዴት ወደ ላይ እንደሚሄድ ጨርሶ አልገባትም፤ ይህ ካልገባት ደግሞ ስምንተኛ ክፍልን አታልፍም። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ አገኘኋትና ለምን ገባኝ እንደምትለኝ ጠየቅኳት። አጋር ከክፍል በር ውጪ አይሰማም።

ቧንቧውን ዘጋች። ከዚያ «ቲቸር፣ አልገባኝም ካልኩ እርስዎን ይወስዱዎታል» አለችኝ። «ቲቸር ነስሩን የወሰዱት በእኔ እህት ምክንያት ነው። እስከ ዛሬ ታለቅሳለች።»

አሥራ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ እኔ ሥራዬ ላይ እንድቆይ ብላ ትምህርቷን ትታ ተቀምጣለች። ማስተማርን ለማሻሻል ተብሎ የመጣ ነገር እዚህ አድርሶናል። የዚያን ቀን ቤቴ ስገባ ለእናቴ ነገርኳት፤ ስትሰማኝ ቆየችና ድሮ ሱፐርቫይዘር ሲመጣባቸው ያደርጉት የነበረውን አጫወተችኝ። ልጆቹን አስቀድመው ያስጠኗቸዋል፦ ጥያቄ ሲጠየቅ ሁላችሁም እጅ አውጡ፣ የምታውቁ ቀኝ፣ የማታውቁ ግራ። እንግዳው ክፍሉ በሙሉ እጁን ሲያወጣ ያይና ተደንቆ ይሄዳል፣ መምህሩ ቀኝ እጅ ያወጣውን ብቻ እየመረጠ ይጠራል። እናቴ ይህን የነገረችኝ ልታስቀኝ ነው። እኔ ግን አልሳቅኩም።

በማግስቱ ልጆቹን ቧንቧው ጋ ሰብስቤ ነገርኳቸው። ከዛሬ ጀምሮ ማንም አልገባኝም አይልም፤ ገባችሁ ስል ሁላችሁም እጅ ታወጣላችሁ፣ የገባው ቀኝ፣ ያልገባው ግራ። እናቴ ለማታለል ያደረገችውን እኔ እውነቱን ለማወቅ ተጠቀምኩበት። ልጆቹ ተያዩና አፈሩ። ለታላቅ ሰው ግራ እጅ ማውጣት ደግሞ እንዴት ይሆናል? ነውር አይደለም እንዴ? ነውር አይደለም፣ እኔ ፈቅጄያለሁ አልኳቸው።

ክፍል ገባን፣ አስተማርኩ፣ «ገባችሁ?» አልኩ። «ገባን!» አሉ፣ ክፍሉም እጅ በእጅ ሆነ። አብዛኛው ግራ ነበር። ለስንት ጊዜ ለግድግዳ ሳስተምር እንደኖርኩ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ሪሐና ግራ እጇን ቀስ ብላ አወጣችና፣ ድፍረት እንዳይሆንባት በቀኝ መዳፏ ክርኗን ደገፈችው፤ ለእንግዳ ውሃ በብርጭቆ ስታቀብል እንደምታደርገው። የሷን አይተው ሌሎቹም ግራ ያወጡት ሁሉ ክርናቸውን ደገፉ። አጋር ጆሮዬ ውስጥ «ሙሉ ተሳትፎ፤ እጅግ በጣም ጥሩ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በማስተማር ዘመኔ የተደሰትኩባቸው ናቸው። ግራ የበዛበትን ትምህርት «ክለሳ» እያልኩ ደግሜ አስተምራለሁ፤ አጋር ክለሳ ይወዳል። ለኔጌቲቩ ነገር ከእንጨት ሥራ ክፍል ሳንቃ አመጣሁና ድንጋይ ላይ አጋደምኩት። በአንዱ ጫፍ ሪሐናን ከድንጋይ ከረጢት ጋር አስቀመጥኩ፣ በሌላው ጓደኛዋን። ሪሐና መሬት ነካች። ከረጢቱ ኔጌቲቩ ነው አልኳት፣ ወደ ታች የሚጎትትሽ እሱ ነው። አሁን እሱን ልቀንስ ነው። አነሳሁት። እግሮቿ ከመሬት ተነሱና ሳቀች። «ከፍ አልኩ» አለች። አጋር ከእቅድ ውጪ እንደሆንኩ እየነገረኝ ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። «ገባችሁ?» ስል ሪሐና ወንበሯ ላይ ሆና ቀኝ እጇን ብቻዋን አወጣች፤ ክርኗን አልደገፈችም። ጠመኔ የምፈልግ መስዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤ ዓይኔ እንባ ስላቀረረ ነው።

የዓመቱ አጋማሽ ፈተና ሲታረም ክፍሌ ከዞኑ አንደኛ ወጣ። የክላስተራችን ሱፐርቫይዘር አቶ ሽኩር ደስ ብሎት መጣ። ሽኩር ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ለመሆን አንድ ነገር በራስ መወሰን ያስፈልጋል። ምስጢሩ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ያልገባቸውን ለይቼ ደግሜ አስተምራቸዋለሁ፣ ሲያስቡ እጠብቃቸዋለሁ አልኩት። በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ከላይ ያሉት ምስጢሩን እንዳገኙትና የእኔ ተሞክሮ እየተቀመረ እንደሆነ፣ በቅርቡም በአገር ደረጃ እንደሚሰፋ አበሰረኝ። ምን እንዳገኙ ስጠይቀው በደስታ ግራ እጁን አውጥቶ በቀኙ ክርኑን ደገፈልኝ።

ማሽኑ የእኛን ክፍል ከሌሎቹ ጋር ሲያስተያይ የተለየ ሆኖ ያገኘው ያንን ብቻ ነው። ግራ እጅ በብዛት በሚወጣበት ክፍል ውጤት ይሻሻላል። እውነት ነው፣ ይሻሻላል። ለምን እንደሚሻሻል ልጆቹን አንድ ሰው ቢጠይቃቸው ይነግሩት ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም።

ሥልጠናው የተደረገው በከተማው ትልቅ አዳራሽ ነው። የዞኑ አድራሾች በሙሉ ተጠርተዋል፣ ውሎ አበል አለ፣ የታሸገ ውሃ አለ። ከዋና ከተማ የመጣው አሠልጣኝ ዶክተር ኢዮስያስ ይባላል፤ ወጣት፣ ንጹሕ፣ የማያልበው ሰው። ግድግዳውን በሚሞላ ምስል የሪሐናን እጅ አሳየን። ግራ እጇ ወጥቷል፣ ቀኝ መዳፏ ክርኗን ይዟል፣ ፊቷ ላይ ሐፍረት አለ። ዶክተሩ ሐፍረቱን «ጥልቅ ትኩረት» ብሎ ተረጎመው። ግራ እጅ ቀኙን የአንጎል ክፍል ይቀሰቅሳል፣ የክርን ድጋፉ ደግሞ ቅስቀሳው እንዳይበተን ያደርጋል አለ። የስልቱ ስምም ጸድቋል፦ ግራ እጅ በክርን ድጋፍ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በአገሪቱ ያለ ተማሪ ሁሉ ለማንኛውም ጥያቄ ግራ እጁን በዚህ መልክ ያወጣል።

እዚያ ተቀምጬ የሆንኩትን መናገር ያስቸግረኛል። አንዲት ልጅ ታላቋን ላለመድፈር ክርኗን ደገፈች። ይህን በዚያ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም በዚያው ያደግን ነን። ዶክተሩም ጭምር፣ ጠዋት ለሽኩር ስልኩን ሲያቀብለው ክርኑን ደግፎ ነው። ከሰኞ በኋላ ግን ሁሉም ግራ ካወጣ፣ ግራ ማለት ምንም ማለት አይሆንም። ልጆቼ አልገባኝም የሚሉበት አንድ መንገድ ነበራቸው፤ እሱን ነው ስም አውጥተው፣ አጨብጭበው ሊቀብሩት የተሰበሰቡት።

ልምዴን እንዳካፍል ወደ መድረክ ተጠራሁ። ሰርተፊኬትና ጋቢ ተሰጠኝ። ዝም ብል ለእኔ ይሻለኝ ነበር። ማይኩን ተቀብዬ ወደ አዳራሹ ዞርኩ።

«ግራ እጅ ማለት አልገባኝም ማለት ነው» አልኩ። «ከልጆቹ ጋር የተስማማነው እንደዚያ ነው። እናንተ መምህሩን ስለምትወስዱባቸው በአፋቸው ሊሉት ያልቻሉትን በእጃቸው ነው የሚነግሩኝ። ውጤታቸው የተሻሻለው ያልገባቸውን ስለማውቅ ነው። እጁን ተዉት፤ ልጆቹ አልገባኝም ሲሉ ስሟቸው።»

ዶክተሩ ራሱን ዘንበል አደረገ። ያኔ ነው የሱም ጆሮ ውስጥ አጋር መኖሩን ያስተዋልኩት፤ የሚነገረውን ሰምቶ እስኪጨርስ ጠበቀና ፈገግ አለ። መምህርት ትርሲት የሚገርም ትሕትና እንዳላቸው ተናግሮ እንዲጨበጨብልኝ ጠየቀ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሮ «ስልቱ ገባችሁ?» አለ።

«ገባን!» አለ አዳራሹ፣ እንደ ሰባተኛ ክፍል። ሽማግሌው፣ እርጉዟ፣ ጡረታ ሊወጣ ወራት የቀሩት፣ ሁሉም ግራ እጁን አውጥቶ ክርኑን ደገፈ። መድረክ ላይ ጋቢ ታቅፌ አየኋቸው። የተናገርኩትን ሁሉም ሰምቷል። ነስሩ ከፊተኛው ረድፍ ነበር፤ ፈገግታው እንዳለ ነው፣ እጁም እንደሌላው ግራ ነው። ግን ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም፤ ሌሎቹ ሲያወርዱ እሱ እጁን አላወረደም።

አንዱ ቢሮ ስልቱን ሲያሰፋ፣ ሌላው ቢሮ መድረክ ላይ የተናገርኩትን ቃል በቃል ወሰደው። የክፍሌ የወራት ግራ እጆች በሙሉ ወደ «አልገባኝም» ተለውጠው ተደመሩብኝ። ሰኞ ጠዋት አገሪቱ በሙሉ ግራ እጇን ስታወጣ፣ እኔን በዚያው ግራ እጅ ምክንያት መኪና መጥቶ ወሰደኝ። ይህ እንዴት እንደሚሆን ሽኩርን ጠየቅኩት። የሁለቱ ቢሮዎች ሥራ እንደማይገናኝ በአክብሮት አስረዳኝ፣ ሻንጣዬንም ተሸከመልኝ።

ማደሻ ከከተማው ውጪ ነው፤ ብርድ ስለሆነ ጋቢው ጠቀመኝ። አልመቱኝም፣ አልሰደቡኝም። ምግቡም ደህና ነው። ጠዋትና ከሰዓት በባዶ ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ፤ ወንበሮቹ ላይ ልጆች የሉም፣ ድምፃቸው ብቻ አለ። «ገባችሁ?» እላለሁ፣ ወንበሮቹ «ገባን!» ይላሉ። ፈገግ ማለት ያለብኝ ያኔ ነው። አሠልጣኞቹ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ጆሯቸው ውስጥ በሚነገራቸው መሠረት ፈገግ ይላሉ። እየቆየሁ ስሄድ ማታ መኝታዬ ላይ ሆኜ ፊቴን ስነካው ፈገግታው እዚያው አለ። ነስሩ ገባኝ። ተረስቼ እዚህ እንደምቀር ማሰብ ጀመርኩ፤ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ ግን ሪሐና እንደገና ከሁሉም ጮክ ብላ «ገባን» ማለቷ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ ስወጣ ፒክአፕ መኪና ግቢ ውስጥ ቆሞ ሁለት ሠራተኞች አንድ ትልቅ ሰሌዳ ሲያወርዱ አየሁ። ኮሪደሩ ላይ አምጥተው፣ እንደተቀጣ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አስደገፉት። ጀርባው ላይ የትምህርት ቤታችን ስምና የክፍሌ ቁጥር ተጽፏል።

የሆነውን በኋላ የነገረኝ ነስሩ ነው፤ ሰሌዳው ሲያስተምር ልጆቹን እንዲጠብቅ የተመደበው እሱ ነበር። ሰሌዳው ኔጌቲቭን በኔጌቲቭ ማባዛት በሙዚቃ አስተማራቸውና «ገባችሁ?» አለ። ክፍሉ ግራ እጁን እንደ ደንቡ አወጣ፣ ክርኑን ደገፈ፣ ግን ማንም ገባን አላለም። ሪሐና ተነስታ «አልገባኝም» አለች። ሰሌዳው ያንኑ በዚያው ቃል፣ ሙዚቃውን ጨምሮ ደገመው። «አልገባንም» አሉ፣ አሁን ብዙ ሆነው። ለሰሌዳ ይሉኝታ የለማ። የሚወሰድ ቲቸር የለም፣ የምታለቅስ እህት የለችም። ከብዙ ጊዜ በኋላ እውነቱን መናገር ማንንም የማይጎዳበት ቀን አገኙ፣ እስኪጠግቡ ተናገሩት። ደንቡ ደግሞ «አድራሽ» ነው የሚለው እንጂ ሰው ወይም ዕቃ አይልም። ስለዚህ ሰሌዳውን ወደ ማደሻ ላኩና ሌላ ቀየሩ፤ በሳምንቱ እሱም ተወሰደ። ነስሩ ይህን ሲነግረኝ እዚህ ላይ ሲደርስ ሳቀ። አጋር ያላዘዘው፣ የድሮው የራሱ ሳቅ ነው፤ ሲስቅ እሱ ራሱ ደነገጠ።

ሰሌዳ አለቀባቸውና እኔን መለሱኝ። ስወጣ አንዱ አሠልጣኝ በቃል የነገረኝ አንድ ነገር ነው፦ ሁለተኛ ማደሻ የገባ አድራሽ ከዚያ በኋላ ክፍል አይገባም። ይህን እንዲያው በደግነት፣ እያዘነልኝ ነው የነገረኝ።

ጠዋት ልጆቹ ቧንቧው ጋ ጠበቁኝ። ከበቡኝና ከስተሻል፣ አልከሳሽም ብለው ተከራከሩብኝ፤ በደስታ እርስዎ ማለቱንም ረስተውታል። አንዱ ግራ እጅ ስለተበላሸ ሌላ ምልክት እንፍጠር አለ፤ ገባን ካልን በኋላ ጆሯችንን ብንነካስ? ሌላው ሳል ይሁን አለ። እየሰማኋቸው ነበር፣ ድንገት ግን በረደኝ። እነዚህ ልጆች በገዛ ትምህርት ቤታቸው እንደ ሌባ በምልክት ሊነጋገሩ እየተማከሩ ነው። ጆሮ ቢነኩ ነገ ጆሮ መንካትም ይቀመራል። የማደሻው ፈገግታ ፊቴ ላይ እንዳለ ታወቀኝ፣ በእጄ ጠረግኩት።

«ምልክት ይበቃናል» አልኳቸው። «ስሙኝ። ሊወስዱኝ ይችላሉ፣ ከወሰዱኝም አልመለስም። አልዋሻችሁም፣ እፈራለሁ። ግን ለእኔ ብላችሁ ገባን አትበሉ። የገባችሁ ገባኝ በሉ፣ ያልገባችሁ አልገባኝም በሉ። እኔ እዚህ የመጣሁት ለዚያ ነው።»

ደወል ተደወለ።

በሩ ላይ ስደርስ አጋር «ፈገግ ይበሉ» አለኝ። አላልኩም። ልጆቹ ቆመው ትንሽ ጠበቁ፣ ከዚያ ሳይመጣ ተቀመጡ። ሰሌዳው ያቃተውን ማባዛት አስተማርኩ፤ ሳንቃውን የሚያህል ጥሩ ነገር አላገኘሁለትም፣ በቁጥር መስመር ሞከርኩ። እንደጨረስኩ «ገባችሁ?» አልኩ።

ግራ እጆች ወጡ፣ ክርኖች ተደገፉ። «ገባን» አሉ፣ ግን ድምፁ የሳሳ ነበር። ሪሐና ሁለቱንም እጆቿን ዴስኩ ላይ አስቀምጣ ታየኛለች። «ሦስተኛ ረድፍ፣ አንድ ተማሪ አልተሳተፈችም» አለኝ አጋር። ልጆቹ ዞረው አዩዋት። እህቷን እያሰበች እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም ማደሻን እያሰብኩ ነበር።

ተነሳች።

«ቲቸር፣ እኔ አልገባኝም።»

«አንድ» አለ አጋር። ከኋላ አንድ እጅ ወረደ፣ «እኔም» አለ ልጁ። «ሁለት። ወደሚቀጥለው ርዕስ ይለፉ።» መስኮቱ አጠገብ ሌላ እጅ እየወረደ ነበር። «ወደሚቀጥለው ርዕስ ይለፉ» አለኝ ደግሞ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። ወደ ሦስተኛው ረድፍ ሄጄ ሪሐና አጠገብ ተቀመጥኩና ደብተሯን ወደ እኔ ሳብኩ።

«እሺ» አልኳት። «የቱ ጋ ነው ያልገባሽ?»

ዓይኗ ወደ ኮርኒሱ ሄደ። ጠበቅኳት።